ቴስትኮንቴይነርስን ለ8 ወር ተጠቅሜበት

ቴስትኮንቴይነርስ ኮድ ሲፈተሽ እውነተኛ ዳታቤዝ የሚያቀርብ መሣሪያ ነው፤ ወደ እሱ ያመጣኝን ላውራችሁ። ለኮምቦልቻ አንድ የጅምላ መጋዘን የዕቃ መመዝገቢያ ሲስተም እሠራለሁ። ዳታው የሚቀመጠው ፖስትግሬስ በሚባል ዳታቤዝ ላይ ነው። ቴስቱን (ሲስተሙ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸውን ኮድ) ግን ኤስኪውላይት በሚባል ቀላል ዳታቤዝ ላይ ነበር የማስኬደው። ፈጣን ነው፣ ምንም ማስጫን አይፈልግም፣ ዳታም አይበላም።

አንድ ጠዋት እኔ ደሴ እያለሁ የመጋዘኑ ኃላፊ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ዕቃ አልመዘግብም አለኝ እኮ!» የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ሄድኩ። ስክሪኑ ላይ «የሱፍ ዘይት 5 ሊትር ባለ አራት ካርቶን» ብለው ጽፈዋል። እኔ ደግሞ የዕቃውን ስም ከ20 ፊደል እንዳያልፍ ወስኜው ነበር። ፖስትግሬስ አልቀበልም አለ፤ ልክም ነው።

ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ረጅም ስም የሚያስገባ ቴስት ነበረኝ፣ አልፎም ነበር። ኤስኪውላይት የጽሑፍ ርዝመት ገደብ ብትጽፍለትም አያስከብርም። ፎሪን ኪይንም (አንዱ ቴብል የሚጠቅሰው መዝገብ በሌላው መኖሩን የሚያስገድደውን ሕግ) ካላበራኸው በስተቀር ዝም ብሎ ያሳልፋል። ለወራት ስተማመንበት የኖርኩት ቴስት ስለሌላ ዳታቤዝ ነበር የሚነግረኝ። ጋሼ «አብሽር፣ ያጋጥማል» አሉኝ። እኔ ግን በዚያው ሳምንት ቀየርኩት።

ኤችቱ የሚባለው ሌላ ቀላል ዳታቤዝ የፖስትግሬስ መምሰያ ሞድ ስላለው አስቤበት ነበር። ግን ከሚመስለው ይልቅ ራሱን ፖስትግሬስን ብጠቀም ይሻለኛል።

ቴስትኮንቴይነርስ ቴስቱ ሲጀምር በዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል ለብቻ የተከለለ ቦታ በሚያስኬድ መሣሪያ) እውነተኛ ፖስትግሬስ ያስነሳል፣ ሲያልቅ ያጠፋዋል። ኢሜጁን (ኮንቴይነሩ የሚነሳበትን ፋይል) አንዴ ማውረድ የግድ ነው። አልፓይን የሚባለውን አነስተኛ ዓይነት መረጥኩ፤ 100 ሜጋባይት አካባቢ ነው፣ ሌሊት ላይ አወረድኩት። የመጀመሪያው ሳምንት ግን አሰልቺ ነበር። እያንዳንዱ የቴስት ክላስ (የቴስቶች ስብስብ) የራሱን ኮንቴይነር ያስነሳ ስለነበር 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፔ ይንፏቀቅ ነበር።

ነገሩን ያቀለሉልኝ ሦስት ለውጦች ናቸው። አንደኛ፣ ለሁሉም ቴስት አንድ ኮንቴይነር ብቻ። ሁለተኛ፣ የዳታ ፎልደሩን በቲኤምፒኤፍኤስ ከዲስክ ይልቅ ራም ላይ አስቀመጥኩት፣ ኤፍሲንክንም (ዳታው ዲስክ ላይ መጻፉን የሚያረጋግጠውን) አጠፋሁት። መብራት ቢጠፋ የሚጠፋው የቴስት ዳታ ነው፣ ይጥፋ። ዋናው ሰርቨር ላይ ግን ይሄን በጭራሽ እንዳታደርጉት። ሦስተኛው የበለጠ ጠቀመኝ። ሚግሬሽኑን (ቴብሎቹን የሚሠራውን ኮድ) አንድ ዳታቤዝ ላይ ብቻ አስኬድና እሱን ቴምፕሌት (መቅጃ) አድርጌ ለየቴስት ክላሱ እቀዳለሁ። ፖስትግሬስ ይሄን በአንድ ትእዛዝ ይሠራዋል፤ ቴምፕሌቱ ላይ የተከፈተ ኮኔክሽን ካለ ግን እምቢ ይላል። እኔን ግማሽ ቀን አስለፋኝ፣ እናንተ ኮኔክሽን ፑሉን (ፕሮግራሙ ክፍት አድርጎ የሚይዛቸውን ኮኔክሽኖች) አስቀድማችሁ ዝጉ።

ከየቴስቱ በኋላ ሮልባክ ማድረግም (የተጻፈውን መሰረዝም) ይቻላል። ነገር ግን ቴስቱ በኤችቲቲፒ በኩል ሲጠራ ሰርቨሩ በራሱ ኮኔክሽን ኮሚት ያደርጋል (ለውጡን ያጸድቃል)፣ ሮልባኩም አይነካውም። እዚያ ላይ ቴብሎቹን ትራንኬት አደርጋለሁ፣ ማለትም ባዶ አደርጋቸዋለሁ።

አሁንም የሚያማርረኝ ነገር አለ። ዶከር ካልተነሳ ዳታቤዝ የሚነካ አንድም ቴስት አይሄድም። ደሴ መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ ከተዘጋ፣ ሲመለስ የመጀመሪያውን ቴስት ቆሞ መጠበቅ ነው። ዳታቤዝ የማይነኩ ቴስቶችን ስለዚህ ለብቻ ለየኋቸው፤ እነሱ ወዲያው ያልቃሉ።

ባለፈው ወር ፖስትግሬስን ከ15 ወደ 16 ማሳደግ ነበረብኝ። የኢሜጁን ቁጥር ቀይሬ ሁሉንም ቴስት አስኬድኩ። ሁለት ወደቁ፤ ሁለቱም የራሴ ስህተት ነበሩ፣ አስተካከልኳቸው። ቅዳሜ ማታ የመጋዘኑን ሰርቨር አሳደግኩ። ሰኞ ጠዋት ጋሼ ዕቃ ሲያስገቡ ዋሉ፣ ስልኬም አልጮኸም።