መካከለኛው ሳህን ብቻውን ይበቃል

እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ የሮማውያኑን መታጠቢያ ጎብኝቶ የወጣ ሰው ቁጭ የሚልበት ቦታ መፈለጉ አይቀርም። እኔ የገባሁት እዚያው አቅራቢያ፣ ጠባብ መንገድ ላይ ያለች ሻይ ቤት ነው። ቀድሜ በኢንተርኔት አስይዤ ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት እንዲሁ ዘው ብሎ ወንበር ማግኘት ዘበት ነው።

ያስያዝኩት እንግሊዞች አፍተርኑን ቲ የሚሉትን የከሰዓት ሻይ ነው፤ ለአንድ ሰው 32 ፓውንድ። ለሻይ! ግን አብሮት የሚመጣው ምግብ ምሳን ከነእራት ያስረሳል። ልማዱን የጀመሩት በ1840 አካባቢ የቤድፎርድ ዱቼስ (የመስፍኑ ባለቤት) አና ናቸው ይባላል፤ እራት እየመሸ ሲቀርብ ከሰዓት በኋላ ስለሚርባቸው። ስለዚህ ምሳ ሳትበሉ ሂዱ።

ባለሦስት ደርቡ ሳህን ከታች ወደ ላይ ነው የሚበላው። ታች ጠርዙ የተቆረጠለት ቀጫጭን ሳንድዊች አለ፦ ኪያር፣ እንቁላል ከፌጦ ቡቃያ ጋር፣ በጭስ የተዘጋጀ ሳልመን። ኪያሩ ግሩም ነው፤ ዳቦው ቅቤ ስለተቀባ ውሃው አላራሰውም። የሳልመኑ ዳቦ ግን ጫፉ ደርቆ ነበር፣ ቀድሞ ተቆርጦ የዋለ መሆኑ ያስታውቃል። አስተናጋጇ ስነግራት ያለ አንድ ቃል ቀየረችልኝ።

የመጣሁለት ነገር መሃል ላይ ነበር። ስኮኑ (ትንሽ ክብ ዳቦ መሰል ኬክ) በጨርቅ ተጠቅልሎ ትኩሱን ቀረበ፤ በእጅ ሲከፍቱት እንፋሎቱ ይወጣል። ክሎትድ ክሪሙ (ቀስ ብሎ በማሞቅ የረጋ ወፍራም ክሬም) ላዩ ላይ ቢጫ ቆዳ ሠርቷል። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያለው የኮርንዎል ዓይነት ቢያንስ 55 በመቶ ቅባት ስለሆነ ከማንኪያ አይወርድም፣ ይጣበቃል። የጎረቤቱ የዴቨን ሰዎች መጀመሪያ ክሬሙን ይቀባሉ፣ ኮርንዎሎች መጀመሪያ ማርማላታውን። እኔ ከኮርንዎሎች ጋር ነኝ፤ ትኩስ ስኮን ላይ ክሬሙ ከሥር ከሆነ ቀልጦ ያልቃል።

ላይኛው ሳህን ላይ ያሉት ኬኮች ለፎቶ ያምራሉ። ከስኳር ሌላ ጣዕም አላገኘሁባቸውም።

ሻዩ አሳም የሚባለው የሕንድ ጥቁር ሻይ ነበር፣ ቅጠሉ ማንቆርቆሪያው ውስጥ እንዳለ። ሁለተኛው ሲኒ ላይ ስለሚመር የፈላ ውሃ ለብቻ ጠይቁ፤ ነጻ ነው። ትንሽ ወተት ጠብ አድርጉበት።

ሂሳቡ ላይ 12.5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተደምሮ መጣ። ግዴታ አይደለም፣ አንሱልኝ ማለት ይቻላል። እኔ ለዚያች አስተናጋጅ ስል ከፈልኩት።

ድጋሚ ብሄድ ክሪም ቲ ብቻ ነው የማዝዘው፦ ስኮን፣ ክሬም፣ ማርማላታና ሻይ። ዋጋው ከግማሽ በታች ነው። ጾም ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ስታስይዙ ቪጋን ብላችሁ አስመዝግቡ፤ እዚያ ደርሶ መጠየቅ ለኪያር ሳንድዊች እንኳ አይሆንም፣ ቅቤ አለው።