የሪቨርሶ የግስ ማርቢያ፦ ለማመሳከር የሚታመን፣ ለመማር ግን ብቻውን የማይበቃ

ሪቨርሶ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በድረ ገጹ ላይ ከሚያቀርባቸው አገልግሎቶች አንዱ የግስ እርባታ ነው። በነጻ ነው። እንግሊዝኛን መርጠው አንድ ግስ ሲጽፉ በየቴንሱ ረብቶ ይወጣል። መነሻውን ካላወቁትም ችግር የለም፤ ያለፈ ጊዜውን ስቶፕት ብለው ቢያስገቡ እንኳ ስቶፕን ራሱ አግኝቶ ያረባዋል። ንባብ ላይ ያጋጠመው ቃል ከየት እንደመጣ ለጠፋበት ተማሪ ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ገጹ ሲከፈት ግን ጀማሪን ያስደነግጣል። 12 ቴንስ፣ በእያንዳንዱ 6 መደብ፣ በድምሩ 72 መስመር ይደረደራል። ተማሪው ይህን ሁሉ መሸምደድ ያለበት ይመስለዋል። መደበኛ ግስ (ያለፈ ጊዜው በኢዲ የሚያልቅ) ያሉት መልኮች ግን 4 ብቻ ናቸው፦ ወርክ፣ ወርክስ፣ ወርክት፣ ወርኪንግ። 72ቱም መስመሮች የተሠሩት ከእነዚህ 4 መልኮችና ሃቭ፣ ቢ እና ዊል ከሚባሉት ረዳት ግሶች ነው። ሰሌዳው ይህን አያሳይም፤ ዋናው ጉድለቱም ይኸው ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሠራሁ፣ ሠራህ፣ ሠራሽ፣ ሠራች እያለ ግሱን በየመደቡ መለወጥ ስለለመደ 6 ዓይነት መልክ ይጠብቃል። በፓስት ቴንስ 6ቱም መስመሮች ወርክት ናቸው። በፕረዘንት ደግሞ የሚለየው የሂ፣ የሺ እና የኢት መስመር ብቻ ነው፤ ኤስ ይጨምራል። ተማሪዎቻችን በብዛት የሚረሱትም ይህችኑ ኤስ ነው።

ስለዚህ አጠቃቀሙን መገልበጥ ያስፈልጋል። መጀመሪያ 4ቱን መልኮች በራስዎ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከዚያ ገጹን ይክፈቱ። ማየት ያለብዎት 3 ቦታ ብቻ ነው፦ በፕረዘንት ሥር የሂ መስመር፣ ገጹ ፕሬተሪት ብሎ የሚጠራው (በትምህርት ቤት ሲምፕል ፓስት የምንለው) እና ፕረዘንት ኮንቲኒየስ። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ይወጣል።

በስፔሊንግ በኩል ገጹ ድካምን ያቀልላል፤ ምክንያቱን ግን አይነግርም። ስቶፕ ኢዲ ሲጨመርበት ፒ ይደገማል፤ ቪዚት ላይ ግን ቲ አይደገምም። ለምን? ሁለቱም በአንድ አናባቢና በአንድ ተነባቢ ያልቃሉ፤ ነገር ግን ቪዚት ሲነገር ጎላ ብሎ የሚሰማው የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ነው። ፕሪፈር ላይ ጎላ የሚለው መጨረሻው ስለሆነ አር ይደገማል። ስተዲ ላይ ዋይ ወደ አይ ይለወጥና ኢዲ ይከተላል፤ ፕሌይ ላይ ከዋይ በፊት አናባቢ ስላለ ዋይ ሳትነካ ትቀራለች። አይኤንጂ ሲጨመር ግን ስተዲም ዋይዋን አትጥልም፤ እዚህ ላይ የሚሳሳተው ብዙ ነው። ሊቭ የመጨረሻ ኢዋን ትጥላለች። ዳይ ደግሞ በአይኤንጂ ጊዜ አይ እና ኢ ጠፍተው በዋይ ይተካሉ። ዎች የሂ መስመር ላይ ኤስ ሳይሆን ኢኤስ ይወስዳል። ፓኒክ ከኢዲ በፊት ኬ ያስገባል። እነዚህን 9 ግሶች አንድ በአንድ አስገብቶ የተመለከተ ሰው የመደበኛ ግስን የስፔሊንግ ሕግ ከሞላ ጎደል ጨርሷል። ፔይ ግን ወጥመድ ነው፤ ፕሌይን ስለሚመስል ብዙዎች በዋይና በኢዲ ይጽፉታል፤ ትክክሉ በአይና በዲ ያልቃል፣ ስለዚህ ከመደበኞቹ ወገን አይቆጠርም።

ትራቭል ላይ እንግሊዞች ኤልን ይደግማሉ፣ አሜሪካኖች አይደግሙም። የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው አይኤልትስ ሁለቱንም ይቀበላል፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ መቀላቀል ግን ጥሩ አይደለም።

ሰሌዳው በዓይን የማያስተምረው ድምፁን ነው። የተጻፈው ኢዲ አንድ ቢሆንም አነባበቡ ሦስት ነው። ግሱ በቲ ወይም በዲ ድምፅ ሲያልቅ ኢድ ይባላል፦ ዎንቲድ፣ ኒዲድ። ጉሮሮን በማያንቀጠቅጥ ድምፅ፣ ማለትም በፕ፣ በክ፣ በፍ፣ በስ፣ በሽ ወይም በች ሲያልቅ ት ይሆናል፦ ስቶፕት፣ ወርክት፣ ዎችት። በቀረው ሁሉ ድ ነው፦ ፕሌይድ፣ ኮልድ። ጣትን ጉሮሮ ላይ አድርጎ የግሱን የመጨረሻ ድምፅ ማውጣት ለመለየት ይበቃል። እኛ ዘንድ የተለመደው ወርክድ የሚል አነባበብ የሚመጣው በጽሑፉ ዲ በመታለል ነው። የግዕዝ ፊደል ልዩነቱን በትክክል ስለሚይዝ ከእያንዳንዱ ግስ ጎን አነባበቡን በአማርኛ ፊደል መጻፍ ይመከራል።

ገጹ አሉታዊውን ለማየት ኖት ወርክ የሚል ማገናኛ አለው፤ የጥያቄ ቅርፅ ግን የለውም። ይህ ክፍተት ቀላል አይደለም። ዲድ ከገባ በኋላ ግሱ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ዲድ ኖት ወርክ እንጂ ዲድ ኖት ወርክት አይባልም። በጥያቄም ያው ነው፦ ዲድ ዩ ወርክ።

ቴንሱ መቼ እንደሚገባም ሰሌዳው አይናገርም፤ የአማርኛ ፍቺም የለውም። አማርኛ ትናንት ሠርቻለሁ ማለትን ይፈቅዳል፤ እንግሊዝኛ ግን ትናንት ከተባለ ፕረዘንት ፐርፌክትን አይቀበልም፣ ሲምፕል ፓስት ይፈልጋል። በየቀኑ እሠራለሁ እና ነገ እሠራለሁ በአማርኛ ግሳቸው አንድ ነው፤ በእንግሊዝኛ ለነገው ብዙውን ጊዜ ዊል ወይም ጎይንግ ቱ ይጨመራል። መሥራት ከጀመርኩ 5 ዓመቴ ነው ለማለት ደግሞ ፕረዘንት ኮንቲኒየስ አይሆንም፤ አይ ሃቭ ወርክት ወይም አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ ብሎ ፎር ፋይቭ ይርስ መከተል አለበት። ስለዚህ ከገጹ ላይ አንድ መስመር ሲገለብጡ ከጎኑ የጊዜ ቃል ይጻፉበት፦ ለፕረዘንት ኤቭሪ ዴይ፣ ለፓስት የስተርዴይ፣ ለፊውቸር ቱሞሮው፣ ለፐርፌክት ፎር ወይም ሲንስ።