ፒያሳ ያሉት ልጆች ዲቪዲ አመሳክረው ነው የሚሰጡት

አምና የእህቴን ሰርግ ቪዲዮ ሌላ ቤት አስገልብጬ ግማሹ ላይ እየቆመ አንጀቴን አሳርሮኛል፣ ዘንድሮ ግን የጥምቀቱን ቀረጻ ጎንደር ፒያሳ ያሉት ልጆች ጋ ወሰድኩት። ልጁ ቪዲዮውን ዲስክ ላይ ከጻፈው (በርን ካደረገው) በኋላ ዲስኩን አውጥቶ መልሶ አስገባውና ከራሱ ከዲስኩ አንብቦ ኤምዲ5 የሚባለውን የፋይል አሻራ አወጣለት፣ 32ቱ ፊደልና ቁጥር ዲስኩ ከተጻፈበት ከዋናው ፋይል (አይኤስኦ) አሻራ ጋር አልገጠመም፣ በጣም ነው የደነገጥኩት። ለካ ዲስኩ ሲነበብ መጨረሻው ላይ ትርፍ ዜሮ ሊጨመርበት ይችላል፤ የዋናውን ፋይል ባይት ለ2048 አካፍሎ ልክ ያንን ያህል ሴክተር (ዲስኩ የሚከፋፈልበት ባለ2048 ባይት ቁራጭ) ብቻ ሲያነብ ቁልጭ ብሎ ገጠመ! እንዲህ ለሰው ንብረት የሚጨነቅ ባለሙያ ደስ ይላል። ትንሽ ያስጠብቃል፣ ወረፋም አለ። ስትሄዱ ቬሪፋይ አድርግልኝ (ከዋናው ጋር አመሳክርልኝ) በሉት፣ ቪዲዮው መጀመሪያው ላይ ስለተከፈተ ብቻ ተቀብላችሁ እንዳትወጡ።