ኤምአርቢኤስ ወይስ ሊብሬቡኪንግ? ለጅማ ኮሌጆችና ቢሮዎች

ኤምአርቢኤስና ሊብሬቡኪንግ የጋራ ክፍሎችንና ዕቃዎችን በሰዓት ለማስያዝ የሚያገለግሉ ሶፍትዌሮች ናቸው። ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ሁለቱም በፒኤችፒ (የፕሮግራም ቋንቋ) እና በማይኤስኪውኤል (የመረጃ ቋት) ይሠራሉ። በግቢው ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ከተጫኑ ኢንተርኔት ቢቋረጥም በውስጥ ኔትወርክ ያገለግላሉ፤ ሰርቨሩንም የኔትወርክ ስዊቹንም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሠራ መሣሪያ) ላይ ማድረግ ግን ግድ ነው።

ኤምአርቢኤስ የተሠራው ለስብሰባ ክፍሎች ነው። ሕንፃውን «አካባቢ»፣ በውስጡ ያሉትን «ክፍል» ብለው ይመዘግባሉ፤ የጊዜ ቀጠናውን በማዋቀሪያ ፋይሉ አፍሪካ/አዲስ አበባ ካደረጉ አብዛኛው ሥራ አለቀ። ችግሩ ዕቃ ላይ ነው፤ ሦስት ፕሮጀክተር ካለዎት ሦስት «ክፍል» አድርገው መመዝገብ ይኖርብዎታል።

ሊብሬቡኪንግ ቡክድ ስኬጁለር የተባለው የማስያዣ ሶፍትዌር ቀጣይ ነው። ፕሮጀክተሩን «ተጨማሪ ዕቃ» ብለው ብዛቱን 3 ይሞላሉ፤ አራተኛው ጠያቂ በዚያው ሰዓት አያገኝም። ለቡድን የሰዓት ኮታ ይወስናል፤ ያልመጣ ሰው የያዘውንም ሶፍትዌሩ በራሱ ይለቃል። ለዚህ ግን ሰርቨሩ ላይ ክሮን (ሥራዎችን በተወሰነላቸው ሰዓት በራሱ የሚያስጀምር ፕሮግራም) መዘጋጀት አለበት፤ ካልተዘጋጀ ቦታው እንደተያዘ ይቀራል፣ ማስታወሻም አይላክም።

ጅማ ላይ ትልቁ ስህተት ሰዓት ነው። «ጠዋት 3 ሰዓት» ያለው ሰው 15:00 ይመርጥና አዳራሹ ከሰዓት በኋላ ይያዛል። በሊብሬቡኪንግ የሰዓት ሰሌዳው ላይ 09:00–10:00 ብለው ከጎኑ «ጠዋት 3–4» የሚል መለያ ይጻፉ። በኤምአርቢኤስም ሰዓቱን ትተው በስም የተሰየሙ ክፍለ ጊዜዎችን መጠቀም ይቻላል፤ ይህ የሚወሰነው ግን የመጀመሪያው ቀጠሮ ሳይመዘገብ ነው፤ ኋላ ቢቀየር የተያዙት ቀጠሮዎች ይዛባሉ።

ክፍል ብቻ የሚጋራ ቢሮ ኤምአርቢኤስን ይጫን። ማይክሮስኮፕ፣ መኪናና አዳራሽ አንድ ላይ ለሚያስተዳድር ኮሌጅ ሊብሬቡኪንግ ይሻላል፣ ክሮን የሚከታተል ባለሙያ እስካለው ድረስ።