ኤርጎቤቢ ኦምኒ 360 ከአንቀልባ ጎን ሲመዘን

ጥሩ የልጅ ማዘያ የሚለየው በወገብ ቀበቶው ነው። ሰባት ስምንት ኪሎ የደረሰ ልጅ ክብደቱ በሙሉ ትከሻ ላይ ከዋለ ብዙም ሳይቆይ አንገት ይይዛል፣ ጀርባ ይቆረጥማል። ክብደቱ ወደ ዳሌ ከወረደ ግን ገበያ ተዙሮ፣ ቤት ተጠርጎ፣ ትልቁ ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶም ወገብ አይዝልም። ኤርጎቤቢ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ኦምኒ 360 ማዘያ ዋጋው ከባድ ሆኖ ሳለ ብዙ ቤተሰብ የሚመርጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ «ለልጁ ምን ላምጣ?» ሲል ስሙ ከሚጠራው ዕቃ አንዱ ነው። እዚህ የምንመዝነው እሱን ነው። አጠገቡም አንቀልባን፣ ቤቢብዮርን ሚኒ የተባለውን ቀላል ማዘያና ገበያውን የሞላውን ሂፕ ሲት (ወገብ ላይ ታስሮ ልጁ የሚቀመጥበት የስፖንጅ መቀመጫ ያለውን) እናስቀምጣለን።

ለአዛዩ ቀበቶው እንደሆነ ሁሉ ለልጁ ወሳኙ አቀማመጡ ነው። ጉልበቶቹ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብለው፣ ጭኖቹ እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን ተከፍተው መቀመጥ አለበት። ጨርቁ ከአንዱ ጉልበት እጥፋት እስከ ሌላው ጉልበት እጥፋት ደርሶ ጭኑን ከሥር መያዝ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሕፃን የዳሌ መገጣጠሚያ ገና ለስላሳ ነው። እግሮቹ ቀጥ ብለው እየተንጠለጠሉ በየቀኑ ረጅም ሰዓት ከቆዩ የጭኑ አጥንት ራስ ጉድጓዱ ውስጥ በደንብ ላይቀመጥ ይችላል። ማኅፀን ውስጥ ሳለ በመቀመጫው በኩል ለነበረ ልጅና በቤተሰቡ ውስጥ የዳሌ ችግር ላለበት ልጅ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት። ሱቅ ውስጥ ማዘያውን ዘርግተው በሁለቱ እግሮች መሃል ያለውን የጨርቅ ወርድ ይመልከቱ። መዳፍ የማይሞላ ከሆነ ልጁ የሚቀመጥበት ሳይሆን የሚንጠለጠልበት ስለሆነ ለየዕለቱ አይሆንም።

በዚህ መመዘኛ አንቀልባ ከብዙ ፋብሪካ ሠራሽ ማዘያ ይበልጣል። ልጁ ከእናቱ ጀርባ ላይ ተጣብቆ፣ ጭኖቹ ወገቧን አቅፈው፣ ጉልበቱ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ የዳሌ ሐኪሞች የሚመክሩት አቀማመጥ ይኸው ነው። ዛሬ ምዕራባውያን የሚሸጡት ለስላሳ ማዘያም ከአፍሪካ እናቶች የተቀዳ ነገር አለበት፦ አሜሪካዊቷ ነርስ አን ሙር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቶጎ ውስጥ በሰላም ጓድ ስታገለግል እናቶች ልጆቻቸውን ሲያዝሉ አይታ፣ አገሯ ስትመለስ ስናግሊ የተባለውን ማዘያ ሠራች፤ በ1969 (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ ባለቤትነት አገኘችበት። አንቀልባ የሚሸነፈው በሌላ ነገር ነው። ልጁን ጀርባ ላይ አድርጎ ለማሰር ልምድ ይጠይቃል፣ አራስን ፊት ለፊት አይይዝም፣ አባትና እናት ሲቀያየሩም ማሰሪያው እንደገና ከመጀመሪያ መታሰር አለበት።

ኦምኒ 360 ከ3.2 ኪሎ እስከ 20.4 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የተሠራ ነው። እንደ ቀድሞዎቹ የኤርጎቤቢ ማዘያዎች ለአራስ የተለየ ትራስ አይፈልግም፤ የመቀመጫው ወርድ ቀበቶው ላይ ባለው ቬልክሮ ይጠባል፣ ይሰፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚችው ላይ ነው። ልጁ ሲያድግ ወርዱን ማስፋት ይረሳና የአሥር ወር ልጅ በአራስ ልክ ተቀምጦ ጭኑ ላይ ቀይ ምልክት ይወጣበታል። ወይም በተቃራኒው ለአራስ በሰፊው ተከፍቶ እግሩ ከልክ በላይ ይለጠጣል። ጭኑ ከጉልበት እስከ ጉልበት መደገፉን በየወሩ ማየት በቂ ነው።

አራት አያያዝ አለው፦ ፊት ለፊት ወደ አዛዩ ዞሮ፣ ፊት ለፊት ወደ ውጭ ዞሮ፣ በጎን ዳሌ ላይና በጀርባ። ወደ ውጭ ማዞር ከአምስት ወር በኋላ፣ ያውም ልጁ አንገቱን ያለ ችግር ሲይዝ ብቻ ነው። በጀርባ ማዘል ከስድስት ወር ጀምሮ ነው። ወደ ውጭ የዞረ ልጅ እንቅልፍ ሲይዘው ራሱ ወደ ፊት ይወድቃል፤ የሚደገፍበት ደረት ስለሌለው አየር መንገዱ ሊታጠፍ ይችላል። ስለዚህ ከግማሽ ሰዓት አያስበልጡት፤ ዓይኑ ሲከብድም ወዲያው ወደ ራስዎ ያዙሩት። በጎን ማዘል ወረቀት ላይ ያምራል እንጂ በተግባር ማንገቻውን ማስተካከሉ አድካሚ ስለሆነ ብዙም አይጠቀሙበትም።

አጠላለቁ ቅደም ተከተል አለው፤ ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ነው ጣጣው የሚመጣው። መጀመሪያ የወገብ ቀበቶው ብቻውን ይታሰራል። የሚቀመጠው ሱሪ ከሚታጠቁበት ከፍ ብሎ፣ ከእምብርት አካባቢ ነው፤ ለአራስ ከዚያም ትንሽ ከፍ ይላል። መቆለፊያውን ከመክተትዎ በፊት ትንሿ የላስቲክ ቀለበት ውስጥ ያሳልፉት፤ መቆለፊያው በድንገት ቢከፈት እንኳ ቀበቶው እንዳይወድቅ የምትይዘው እሷ ናት። «ቀጭ» ማለቱን ሰምተው ቀበቶውን ጥብቅ ያድርጉ። ቀጥሎ ልጁን ደረትዎ ላይ አቅፈው እግሮቹን ከፍተው ያስቀምጡትና የማዘያውን ጨርቅ በጀርባው ላይ ወደ ላይ ይሳቡ። አንድ እጅ ሁልጊዜ ልጁ ጀርባ ላይ ይሁን፤ በሌላው እጅ ማንገቻዎቹን ተራ በተራ ያጥልቁ። ከኋላ ሁለቱን ማንገቻዎች የምታገናኘው ማያያዣ በትከሻ አጥንቶች መሃል መዋል አለባት። ማጅራት ላይ ከወጣች አንገት ታሳምማለች፤ በጣም ከወረደች ደግሞ እጅ አይደርስባትም፣ ማንገቻውም ከትከሻ ይንሸራተታል። እጁ ወደ ኋላ የማይደርስ ሰው ማንገቻዎቹን ጀርባው ላይ አጣምሮ ማጥለቅ ይችላል፤ ኦምኒ ይህን ይፈቅዳል፤ ለቀጫጭን ትከሻም የሚሻለው ይኸው ነው።

ማንገቻዎቹን ከሳቡ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱን የሚያደርገው ሰው ጥቂት ነው። ሁለቱንም እጅዎን ከልጁ ጉልበቶች በታች አስገብተው ጉልበቶቹን ትንሽ ወደ ላይና ወደ እርስዎ ይግፉ፤ መቀመጫው ወደ ታች ጠልቆ ይቀመጣል፣ ጀርባው በተፈጥሮው ክብ ይላል። ልጁ ማዘያው ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ ወይም ተንሸራቶ የሚገኘው ይህ ሲዘለል ነው። ከዚያ እጅዎን ጀርባው ላይ አድርገው ከወገብዎ ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉ። ልጁ ከደረትዎ ከተለየ ማንገቻው ላልቷል፤ ሁለቱንም ጎን እኩል ያጥብቁ።

ትከሻ ቢያምዎት ቶሎ ወደ ማንገቻው አይሂዱ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የላላ ወይም ዝቅ ብሎ የታሰረ ቀበቶ ነው። ማንገቻዎቹን ላላ አድርገው፣ ቀበቶውን ከፍ አድርገው ጥብቅ ካደረጉ በኋላ ማንገቻውን እንደገና ይሳቡ። የወገብ መደገፊያው ስፖንጅም ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ የሚያምዎት ቦታ ላይ ያድርጉት። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ቀበቶው ቁስሉ ላይ እንዳያርፍ ከፍ አድርጋ ትሰር፤ ቁስሉ እስኪድንና ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ ግን ማዘሉን አባት ወይም አያት ቢይዙት ይሻላል።

አሁን ከምቾት በላይ ወደሆነው ነገር እንምጣ። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን በመጋቢት 2010 (እ.ኤ.አ.) በአንድ ትከሻ ላይ በሚንጠለጠሉ ማዘያዎች ምክንያት በ20 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 14 ሕፃናት መሞታቸውን አስታውቆ ነበር፤ ከእነሱ 12ቱ ከአራት ወር በታች ነበሩ። መንስኤው መታፈን ነው። ሕፃኑ ከረጢት ውስጥ እንደገባ ሲታጠፍ አገጩ ደረቱ ላይ ይለጠፋል፣ ወይም አፍንጫው ጨርቅ ላይ ይደፈናል፤ እንዲህ ያለ ሕፃን ደግሞ ማልቀስ አይችልም። ስለዚህ በየትኛውም ማዘያ ውስጥ ሕፃኑ ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ ፊቱ ሁልጊዜ ይታይ፣ ጎንበስ ብለው ግንባሩን ለመሳም ይድረሱ፣ ከአገጩ ሥርም ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። በማዘያው ውስጥ ጡት ከጠባ፣ ጠብቶ ሲጨርስ ወደ ላይ ከፍ ተደርጎ ይስተካከል።

እዚህ ላይ አያቶቻችንን በአክብሮት የምንለምናቸው ነገር አለ። ነፋስ እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳያርፍበት እየተባለ የታዘለ ልጅ ፊቱ በነጠላ ወይም በጋቢ ይሸፈናል። ብርዱ እውነት ነው፤ ክረምት ላይ ጋቢው ከላይ ይደረብ፣ ኮፍያም ይልበስ፤ ግን ጨርቁ ከልጁ ትከሻ አይለፍ። ኦምኒ ለፀሐይ የሚሆን መከለያ አለው፤ እሱም ቢሆን ጎኑ ክፍት መሆን አለበት። ማዘያው ራሱ እንደ አንድ ልብስ ይቆጠራል። ልጁ ካልሲና ስስ ልብስ ለብሶ ገብቶ ካፖርቱ ከሁለታችሁም በላይ ቢደረብ፣ ሚኒሶታም ሆነ ስቶክሆልም ላይ ካለው ወፍራም የበረዶ ቱታ ይሻላል፤ ወፍራም ልብስ ማንገቻው የጠበቀ ያስመስላል፣ ልጁንም ከልክ በላይ ያሞቀዋል። ዱባይ ወይም ሪያድ ላላችሁ ከጥጥ ይልቅ መረብ ጨርቅ ያለውን ግዙ። ማጅራቱን በእጅዎ ይንኩት፤ ላብ ካለ ልብስ ይቀንሱ።

ልጅ አዝሎ ወጥ መሥራት፣ ምጣድ ላይ እንጀራ መጋገር፣ ጀበና ማንሳት አይገባም፤ ፊት የታዘለ ልጅ እጁ ከምታስቡት በላይ ይደርሳል። ዕቃ ከመሬት ሲያነሱ ከወገብ አይጎንበሱ፤ በጉልበትዎ ይቀመጡ። ማዘያ የመኪና ወንበርን አይተካም። የመኪና ቀበቶ በሁለታችሁ ላይ ከታሰረ ደግሞ በግጭት ጊዜ የእርስዎ ክብደት ልጁን ቀበቶው ላይ ይጨፈልቀዋል።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ። ቤቢብዮርን ሚኒ ከ3.2 እስከ 11 ኪሎ ነው፤ ከፊት ስለሚከፈት የተኛ አራስ ሳይነቃ ይወጣል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ወራት ከኦምኒ የበለጠ ይቀላል። የወገብ ቀበቶ ግን የለውም፤ ልጁ ስምንት ኪሎ ሲያልፍ ትከሻ ይናገራል። ሂፕ ሲት መቀመጫዬን ቻልኩ ላለና በየደቂቃው ልውረድ ልውጣ ለሚል ልጅ ጥሩ ነው። ለአራስ አይሆንም፤ ስፖንጁ ልጁን ከአዛዩ ደረት ያርቀዋል፣ ጀርባው ሳይደገፍ ይንጋደዳል። ዚፑን ከፍተው ስፖንጁን በአውራ ጣት ይጫኑት፤ ከጎበጠና ካልተመለሰ ከወራት አያልፍም።

አንቀልባ መግዛት የሚፈልግ የማሰሪያውን ስፌት አጥብቆ ይሳብ፤ ቆዳ ከሆነ ማጠፊያው ላይ መሰንጠቁን ይይ። ያጌጡ የድሮ አንቀልባዎች ላይ ያለው ዛጎልና ጨሌ የላላ ከሆነ ልጁ አፍ ከመግባቱ በፊት ይነቀል ወይም ይሰፋ። አንገቱን በደንብ ለያዘ ልጅ፣ ቤት ውስጥና ለቅርብ መንገድ፣ ከአንቀልባ የተሻለ አልተሠራም ብንል ማጋነን አይደለም።

ኦምኒ አሜሪካ ውስጥ አዲሱ ከ150 ዶላር በላይ ስለሚሸጥ አስመስሎ የተሠራው ብዙ ነው፤ ያገለገለውም በየእጁ ይዞራል። ያገለገለ መግዛት ክፉ አይደለም። የምርት መለያ ቁጥርና የተመረተበት ቀን የታተመበት ጨርቅ መለያ መኖሩን ይመልከቱ፤ ከሌለ ይተዉት። ማንገቻው ከጨርቁ ጋር የሚገናኝበት ስፌት አራት ማዕዘን ሆኖ መሃሉ የተጣመረ መሆን አለበት፤ አንድ ክር እንኳ ከተመዘዘ አይግዙ። ከዚያ ቀበቶውን ጥብቅ አድርገው ከመቆለፊያው አጠገብ በእስክሪብቶ መስመር ያስምሩ፣ አሥር ኪሎ ጤፍ ወይም ስኳር ከተው አሥር ደቂቃ ቤት ውስጥ ይዙሩ። መስመሩ ከመቆለፊያው ከራቀ ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ልጅ አይያዝበትም። ሲያጥቡት መቆለፊያዎቹን ሁሉ ይዝጉ፣ በቀዝቃዛ ውሃና በትንሽ የልብስ ሳሙና ይጠቡ፣ በረኪና አያስነኩት፣ ጥላ ውስጥ ይስጡት፤ ፀሐይና በረኪና የቀበቶውን ክር ያበላሻሉ። ልጁ የሚያላምጠው የማንገቻውን ጫፍ ስለሆነ ሁለት ቁራጭ ንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ያሰሩበት፤ እነሱ በየቀኑ ይታጠባሉ፣ ማዘያው በየወሩ ይበቃዋል።