የወፍ ፎቶን ሻርፕ ማድረግ፦ ላይትሩም ወይስ የፎቶሾፕ ሃይ ፓስ?

በሰሜን ተራሮች የሚበረው ባለ ወፍራም መንቁር ቁራ እነዚህን ሁለት የሻርፕ ማድረጊያ (የምስል ጠርዝ ማጉያ) መንገዶች ይፈትናል፤ ላባው ጥቁር፣ ማጅራቱ ነጭ፣ ከኋላው ባዶ ሰማይ።

ለመቶ ፎቶ ላይትሩም ይሻላል። የሮው ፋይል (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ምስል) ሲከፈት የሻርፕ ቅንብሩ አማውንት (ኃይሉ) 40፣ ራዲየስ (የጠርዙ ስፋት) 1.0፣ ዲቴይል (ለደቃቅ ዝርዝር) 25፣ ማስኪንግ (ሻርፕ እንዳይሆን የሚሸፍነው) 0 ሆኖ ይመጣል። ጣጣው ያለው ዜሮዋ ላይ ነው፦ ሰማዩም አብሮ ሻርፕ ስለሚሆን ኖይዙ (ደቃቅ ነጠብጣቡ) ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። በኪቦርዱ ላይ አልትን ተጭነው ማስኪንግን ይጎትቱ፤ ነጭ ሆኖ የሚታየው ሻርፕ የሚሆነው ነው። ሰማዩ ጥቁር እስኪሆን ይግፉት።

ማስኪንግ ግን ጠርዝ እንጂ ዓይን አይለይም፤ የክንፉም የዓይኑም ጠርዝ ለእሱ አንድ ነው። ለሚታተም አንድ ፎቶ ሃይ ፓስ (ጠርዞችን ብቻ የሚያስቀረው የፎቶሾፕ ፊልተር) የሚመረጠው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ፎቶውን ወደ መጨረሻ መጠኑ ያምጡ። ሌየሩን (የምስሉን ንብርብር) ያባዙ፣ ሃይ ፓስን በ1 ወይም 2 ፒክስል ይስጡ፣ ብሌንድ ሞዱን (ሌየሩ ከታችኛው ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ) ኦቨርሌይ ያድርጉ። ከዚያ ጥቁር ማስክ (ሌየሩን የሚደብቅ ሽፋን) ጨምረው ዓይኑን፣ መንቁሩንና ማጅራቱን ብቻ በነጭ ብሩሽ ይቀቡ። ጥቁሩን ላባ ባይነኩት ይመረጣል፤ ሻዶው (ጨለማው ክፍል) እንዲበራ ከተደረገ ኖይዙ በብዛት የሚወጣው እዚያ ነው። ራዲየሱ ሲበዛ በመንቁሩ ዙሪያ ነጭ መስመር ይወጣል፤ ያኔ ኦፓሲቲ (የሌየሩን ጉልህነት) መቀነስ ያደበዝዘዋል እንጂ አያጠፋውም፣ ፊልተሩን በትንሽ ራዲየስ ይድገሙት። ፎከስ የሳተን ዓይን ሁለቱም አያድኑትም።