ፓርከር ወይስ ፎክስ? የድሮዎቹ ጠባብ ጥንድ አፈሙዞች ለገዢ

መጀመሪያ አንድ ነገር ቁረጡ። ጠመንጃውን ልታድኑበት ነው ወይስ ልታስቀምጡት? ሁለቱንም ካላችሁ እሺ፣ ግን አንደኛው መቅደሙ አይቀርም፤ ዋጋውም የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አሜሪካ ውስጥ የተሠሩት ጎን ለጎን ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃዎች አብዛኞቹ 12 ጌጅ ናቸው። 20 ሲባል ቁጥሩ ይቀንሳል። 28 እና 410 ግን በመብራት ተፈልገው ነው የሚገኙት። ያው ፋብሪካ፣ ያው ደረጃ፣ ያው ዘመን ሆኖ፣ አፈሙዙ ስለጠበበ ብቻ ዋጋው ሰማይ ይነካል።

ጌጅ ግራ ለሚያጋባችሁ፦ አንድ ፓውንድ እርሳስ 20 እኩል ድቡልቡል ቢወጣው የአንዷ ድቡልቡል ስፋት 20 ጌጅ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር አፈሙዙ ይጠባል። 410 ብቻ ከዚህ ይወጣል፤ እሱ በቀጥታ 0.410 ኢንች ማለት ነው።

ለአደን ከሆነ እኔ 20 እላለሁ። የተለመደው የ20 ጥይት 7/8 አውንስ እርሳስ ይይዛል፣ የ28 ደግሞ 3/4። አጭሩ የ410 ጥይት ግን ግማሽ አውንስ ብቻ ነው። ጆርጂያ ውስጥ ውሻ የጠቆማትን ድርጭት ወይም ሚሺጋን ጫካ ውስጥ ከእግር ሥር ብድግ ያለች ግራውስ የምትባል የጫካ ወፍ ለመጣል 28 ይበቃል፣ ያውም እንደ ልብ። 410ን "ለልጅ መለማመጃ" ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው አትስሙት። የእርሳስ ፍሬው ጥቂት ስለሆነ ወፏን አቁስሎ የመልቀቅ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ እጁ የበሰለ ሰው ይያዘው።

አሁን ወደ ሠሪዎቹ ስሞች እንምጣ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ፓርከር የኮነቲከት ልጅ ነው፣ ሜሪደን ከተማ። በ1934 ሌላው ጠመንጃ ሠሪ ሬሚንግተን ገዛው፣ በኋላ ሥራውን ወደ ኢሊየን፣ ኒው ዮርክ አዛወረው፣ ጦርነቱ ሲመጣ ምርቱ ቆመ። ሰው ለምን እንደሚሞትለት ለማወቅ 28ቱን አንዴ ማንሳት በቂ ነው። ፓርከር አፈሙዙን አጥብቦ በትልቅ አካል ላይ አልገጠመውም፤ ፍሬሙንም፣ ማለትም አፈሙዙ የሚገጠምበትን የብረት አካል፣ አብሮ አሳነሰው። 000 የሚባለው ፍሬም ለ410 ብቻ ሲባል የተሠራ ነው። ትከሻ ላይ ሲወጣ ሳታስቡት ወፏ ላይ ያርፋል። ጉድለቱስ? ውስጡ ብዙ ጥቃቅን ብልት አለው፣ ሲበላሽ የሚያውቀው ባለሙያ ጥቂት ነው። ርካሹ ደረጃ ትሮጃን በመደበኛነት የወጣው በ12፣ በ16 እና በ20 ነው፤ ከዚያ በታች ጠባብ የሚፈልግ ቪኤች ከሚባለው ደረጃ ጀምሮ ይፈልግ።

ፎክስ የፊላደልፊያ ነው፣ በ1930 ገደማ ሳቬጅ የሚባለው ጠመንጃ ሠሪ ወስዶ ወደ ዩቲካ አዛወረው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ወደ አፍሪካ አደን ሲሄድ 12 ጌጅ ፎክስ ይዞ ነበር፤ ያ ጠመንጃ በ2010 በጨረታ 862,500 ዶላር ወጣ። እኛን የሚመለከተው ግን ስተርሊንግወርዝ የሚባለው ተራው የፎክስ ደረጃ ነው። መዶሻውና የጥይቱን ቂጥ የሚመታው መርፌ አንድ ወጥ ብረት ናቸው፤ የሚሰበር ነገር ጥቂት ነው። መቆለፊያውም እያለቀ ሲሄድ ራሱን እያጠበቀ ይሄዳል። በ20 ጌጅ ስተርሊንግወርዝ ካገኛችሁ፣ ጌጥ የለውም ብላችሁ አትለፉት። እኔን ብትጠይቁኝ ለእግር አደን ከፓርከር አስቀድመዋለሁ፣ በተለይ በዋጋ።

አንድ ወጥመድ አለ። የድሮው ፎክስ በ28ም በ410ም ምርት አልነበረውም። "የፊላደልፊያ ፎክስ፣ 28" ብሎ የሚመጣ ሻጭ ካለ ወይ ተቀይሯል ወይ ሌላ ነው። ሳቬጅ በኋላ ያወጣው ሞዴል ቢ የፎክስን ስም ይዞ በ410 ተሽጧል፤ ደህና የሥራ ጠመንጃ ነው፣ ግን ስሙ እንጂ ውስጡ ፎክስ አይደለም። ከ1990ዎቹ ወዲህ ኮነቲከት ውስጥ እንደ አዲስ የሚሠሩ ጠባብ ፎክሶችም አሉ፣ ቆንጆ ናቸው፣ ዋጋቸውም እንደዚያው።

ሌሎቹ ሠሪዎች፣ ኤልሲ ስሚዝና ኢታካ፣ ሲነጻጸሩ ነገሩ አጭር ነው። ስሚዝ መልኩ ያሳብዳል፣ ምክንያቱም የመተኮሻ ማሽኑ በጎንና በጎን በተለጠፈ ሳህን ላይ ነው የተቀመጠው። ለዚያ ሳህን ሲባል እንጨቱ ስለተቦረቦረ ልክ ከሳህኑ ኋላ ይሰነጠቃል። እዚያ ጋ በባትሪ እያበራችሁ እዩ፤ ፀጉር የምታክል መስመር ካለች ዋጋ ቀንሱ። 28 የለውም፣ 410 ግን አለው። ኢታካ ደግሞ ከ1926 ጀምሮ የወጣው ኤንአይዲ የሚባለው ጠንካራ ነው፣ በ28ም በ410ም ተሠርቷል፣ ሲበዛ ደግሞ የተናቀ ነው። ከሱ በፊት የነበረው ፍሉስ ቀላልና ደስ የሚል ቢሆንም ኃይለኛ ዘመናዊ ጥይት ሲተኮስበት ፍሬሙ ይሰነጠቃል። ዊንቸስተር ሞዴል 21 ከሁሉም ይጠነክራል፣ ግን 28ቱና 410ሩ የባለጸጋ ናቸው፤ እዚያ ፉክክር ውስጥ አልገባም።

ስትገዙ ባዶ መሆኑን አረጋግጣችሁ ከፊት ያለውን መያዣ እንጨት አውጡት፣ ከዚያ ጠመንጃውን ዘግታችሁ ነቅንቁት። ቋ ቋ ካለ ልል ነው። ከላይ ያለችው መክፈቻ ስትዘጋ ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ብትቆም ጥሩ፣ ወደ ግራ ካለፈች ብዙ ሠርቷል። አፈሙዞቹን ነቅላችሁ አንጠልጥሉና በጣት ጥፍር መታ አድርጉ፤ እንደ ደወል መጮህ አለባቸው። ድፍን ድምፅ ከሰጡ መሃል ላይ ያለው ብየዳ ለቋል። አፈሙዙ፣ ፍሬሙና መያዣው ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን እዩ፣ ምክንያቱም በጠባቦቹ ላይ ማጭበርበር የሚያዋጣ ሥራ ነው። እንጨቱ አልቆ ብረቱ ላይ ያለው ዝንጉርጉር ቀለም ዛሬ የተቀባ ከመሰለም ጠይቁ። ፓርከር፣ ፎክስ እና ስሚዝ የየራሳቸው ሰብሳቢዎች ማኅበር አላቸው፤ የፋብሪካ መዝገቡ በተገኘ ጊዜ ጠመንጃው ሲወጣ ምን እንደነበር የሚያሳይ ደብዳቤ በክፍያ ይሰጣሉ። ብዙ ገንዘብ ከሆነ ያለ ደብዳቤ አትክፈሉ።

ጥይት ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። የዛሬው የተለመደ 20 ጌጅ ጥይት ቢያንስ 2.75 ኢንች ነው፤ በድሮዎቹ ላይ ጥይቱ የሚገባበት ማጉረሻ ግን ብዙ ጊዜ 2.5 ወይም ከዚያ በታች ነው። ረጅሙ ጥይት ሲገባ ደስ ብሎት ይገባል፣ ችግሩ ሲተኮስ ነው፤ የጥይቱ አፍ የሚከፈትበት ቦታ ስለሚያጣ ግፊቱ ይጨምራል። አጭርና ለስላሳ ጥይት የሚሸጡ ስላሉ እሱን ግዙ። የብረት ፍሬ በጭራሽ አትተኩሱበት፣ አፈሙዙን ይበላዋል። ለዳክዬ እርሳስ ከ1991 ጀምሮ በመላ አሜሪካ ስለተከለከለ፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ለማንኛውም አደን ስለከለከለች፣ በእርሳስ ፈንታ ቢስመዝ ከሚባለው ማዕድን የተሠራውን ፍሬ ነው የምትፈልጉት። ውድ ነው፣ ምን ይደረጋል።

አሜሪካ ላላችሁት ሐበሾች አንድ ነገር ልጨምር። ከ1898 በኋላ የተሠራ ጠመንጃ በፌዴራል ሕግ እንደ ማንኛውም መሣሪያ ነው የሚታየው፤ ከጠባቦቹ አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ የመጡ ስለሆኑ ሱቅ ውስጥ ፎርም ትሞላላችሁ፣ ስማችሁ ይጣራል። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን በመርህ ደረጃ አይፈቀድለትም፤ ሕጋዊ የአደን ፈቃድ መያዝ ከልዩ ሁኔታዎቹ አንዱ ነው። ዲሲ የምትኖሩ ደግሞ ፖሊስ ዘንድ ማስመዝገብ ግዴታ ስለሆነ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት እሱን ጨርሱ።